ሆያ ሆዬ በጣና ዳር

ኑ፣ ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ቀኑ 12፤ ሰዓቱ ምሽት። ባሕር ዳር ላይ ከቀትር ጀምሮ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ጣና ሞልቷል፤ ደንገሉ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሟል። በዘንባባዎቹ ሥር ባጃጆች የጎርፉን ውኃ እየረጩ ያልፋሉ። ከሽንብጥ እስከ ሹም አቦ፣ ከጊዮርጊስ ሰፈር እስከ ዓባይ ማዶ ብትሄዱ በየመንደሩ አንድ ድምፅ ይሰማችኋል፤ ጧ! ደግሞ ጧ! አትደንግጡ፣ የጅራፍ ድምፅ ነው። ነገ ቡሄ ነው።

ጅራፉ ሲጮህ የሰነበተው ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ነው። ትልልቆቹ ልጆች ቃጫና ልጥ እየገመዱ ለትንንሾቹ ሠርተውላቸዋል፤ ያልቻለ ከገበያ ገዝቷል። ዱላም ተመርጧል፤ መሬት ሲመታ የሚያስተጋባ፣ ለልጅ እጅ የማይከብድ። ከሁሉ በላይ ግን ቡድኑ ተደራጅቷል። አውራጅ አለ፤ ድምፁ የማይሰለል፣ ስንኝ የማይጠፋበት፣ ያየውን ሁሉ በግጥም ማሞገስ የሚችል። ተቀባዮች አሉ፤ «ሆ!» እያሉ ዱላቸውን መሬት ላይ የሚያሳርፉ። ገንዘብ ያዥ አለ፤ ሁሉም የሚያምነው። ማዳበሪያ ተሸካሚ አለ፤ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ጠና ያለ፣ ድምፁ ግን ለዜማ ያልታደለ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠራው የሚከተል አንድ ትንሽ ወንድም አለ። ግጥሙን አያውቀውም፤ «ሆ!» የሚለውም ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ነው። እሱን ማስቀረት ግን አይቻልም።

አሁን ጎርፉን ዘለው፣ ውሻውን ፈርተው፣ የመጀመሪያው የቆርቆሮ በር ላይ ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ልጆቹን በሩ ላይ እናቁማቸውና አንድ ነገር እንጠይቅ። እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የተማሩት ምንድን ነው? የእኛ አገር እናት ልጇን ስታሳድግ ገና አፉን ሲፈታ የምታስተምረው ሕግ አለ። በምሳ ሰዓት ሰው ቤት አትግባ። ገብተህ ብታገኛቸው «በልቻለሁ» በል። ቢሰጡህም አንዴ እምቢ በል፤ አጥብቀው ሲለምኑህ ነው የምትቀበለው። የሰው እጅ አትይ። እንግዳ ባለበት አትናገር። ይህን የጣሰ ልጅ ሰው ፊት አይመታም፤ እናቱ በዓይኗ ትገላምጠዋለች፣ ቤት ሲደርሱ ጭኑን ይቆነጠጣል።

ታዲያ ያቺው እናት በነሐሴ 12 ምሽት ለልጇ ሹራብ ደርባ፣ «አደራ፣ ከጓደኞችህ አትለይ» ብላ ራሷ ከቤት ታስወጣዋለች። ልጁም ሄዶ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፣ ዱላውን እየወቃ፣ በከተማው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ስጡኝ ይላል። ዓመት ሙሉ ነውር የነበረው በአንድ ምሽት ወግ ይሆናል። እንዴት ሆነ?

አባቶች የሚነግሩን ታሪክ እንዲህ ነው። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ተራራው ታቦር ነው ትላለች። በዚያ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠላቸው፤ ሙሴና ኤልያስም ታዩ፤ ከደመናው የአብ ድምፅ መጣ። በአካባቢው የነበሩ እረኞች ብርሃኑን አይተው የመሸ ስላልመሰላቸው በዚያው ከመንጋቸው ጋር ቆዩ። ልጆቻቸው የቀሩባቸው ወላጆች ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ስለዚህ ነው ችቦው፣ ስለዚህ ነው ዳቦው። ጅራፉ ሲጮህም የዚያን ቀን የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል ይላሉ።

ይህን ታሪክ ለባሕር ዳር ልጅ ብትነግሩት ተራራው ሩቅ አይመስለውም። ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ በዚያው ተራራ ስም የተጠራች ከተማ አለች፤ ደብረ ታቦር፣ የአፄ ቴዎድሮስ መናገሻ የነበረችው። እዚያ በዓሉ የከተማዋ የስም ቀን ነውና ቡሄ በልዩ ድምቀት ይከበራል።

ልብ በሉ፤ በታሪኩ ውስጥ ዳቦ ይዘው ልጆቻቸውን ፍለጋ የወጡት ወላጆች ናቸው። ዛሬ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው እየዞሩ ወላጅን ይፈልጋሉ፤ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ሁሉ። በዚህች ምሽት እያንዳንዷ እናት የመጣው ልጅ ሁሉ እናት ናት። ለዚህም ነው ቀኑን ሙሉ ስትጋግር የዋለችው። ሊጡን በእጇ ሞላላ አድርጋ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ምጣዱ ላይ ደርድራ፣ አክንባሎውን ደፍታ። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ቅቤና ወተት አይነካውም። ሙልሙል ይሉታል። በዘጌ ደግሞ በጥንቱ ወግ መሬት አይታረስም፤ ሕዝቡ የሚኖረው ከቡናው፣ ከጌሾውና ከሎሚው ነው። ስለዚህ እዚያ ሙልሙል የሚጋገርበት ስንዴ ከገበያ ተገዝቶ የሚገባ ነው። እንዲያም ሆኖ በቡናው ጥላ ሥር ባለው ቀጭን መንገድ ለሚመጡት ልጆች ዳቦ አይታጣም።

በሉ አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ልጆቻችን ዝናብ እንዳይመታቸው።

አውራጁ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያያል። ከውስጥ ድምፅ ይመጣል፤ «ማነው?»

«እኛ ነን፣ እማማ። ሆያ ሆዬ ልንጨፍር ነው። እንግባ?»

«ግቡ የኔ ልጆች፣ ውሻው ታስሯል።»

እማማ በረንዳው ላይ ዱካ አስወጥተው ይቀመጣሉ። ነጠላቸውን ያጣፋሉ። ይህ አቀማመጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊሰሙ ነዋ! አውራጁ ይጀምራል። መጀመሪያ የመጡበትን ይናገራል፣ ቀጥሎ ቤቱን ያሞግሳል፣ ከዚያ የቤቱን ጌታ፣ ከዚያ የቤቱን እመቤት። ብልጥ አውራጅ ከመግባቱ በፊት የቤተሰቡን ስም ከጎረቤት ልጅ ጠይቆ ይዟል። የእማማን የበኩር ልጅ ስም በስንኝ ውስጥ ሲያስገባው እማማ ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል፤ «ውይ! ማን ነገረህ አንተ?» ይላሉ። ያኔ አውራጁ ያውቃል፤ ማዳበሪያው ባዶውን አይወጣም።

ሙልሙሉ ይመጣል። ብርም ይመጣል። አንዳንድ ቤት ከረሜላ ይጨምራል፤ እማማ ደግሞ ትንሹን፣ ዘግይቶ «ሆ!» የሚለውን፣ ለይተው ይጠሩና አንዲት ደስታ ከረሜላ በእጁ ያስጨብጡታል። ይህችን ገንዘብ ያዡ እንኳ አይጠይቃትም።

ከዚያ ዋናው ይመጣል፤ ምርቃቱ። ልጆቹ ዜማውን ቀይረው ቤቱን ይመርቃሉ። ለከርሞ እንዲያደርሳቸው፣ ቤታቸው እንዲሞላ፣ ልጅ ለሌለው ልጅ እንዲሰጥ፣ የታመመ እንዲድን። እማማም ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «አሜን፣ አሜን» ይላሉ።

በእኔ ዕይታ የቡሄ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚመርቀው ሽማግሌ፣ «አሜን» የሚለው ልጅ ነው። በቡሄ ዋዜማ ግን የሰባ ዓመት አዛውንት ዝቅ ብለው ከአሥር ዓመት ልጅ አፍ ምርቃት ይቀበላሉ። ልጁ የተቀበለው አንድ ዳቦ ነው፤ የሰጠው ግን በአገራችን ሰው ዘንድ ከዳቦ የሚበልጠውን ነው። በልመናና በሆያ ሆዬ መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። ልጁ ባዶ እጁን አልመጣም። ግጥም ይዞ መጣ፣ አሞገሰ፣ መረቀ፣ ዋጋውን ተቀበለ። ሌሊት ሲተኛ ድምፁ ተዘግቷል፤ ሆኖም አንድ ነገር አውቋል፤ ቃሉ ዋጋ እንዳለው።

ይህ ደግሞ ለጎጃምና ለጎንደር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በእነዚህ አገሮች በደጅ መቆም የዕውቀት መንገድ ሆኖ ኖሯልና። የአብነት ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻ መከላከያ ይዞ፣ ከአገሩ ርቆ ቅኔ ፍለጋ ይሄዳል፤ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሰጡትን ቁራሽ ይዞ ይመለሳል፤ እሱን በልቶ ግስ ሲገስስ፣ ቅኔ ሲቆጥር ያድራል። የአገራችን ሊቃውንት በየሰው ደጅ በተገኘ ቁራሽ የተማሩ ናቸው። ለዚህ ነው እኛ አገር ደጅ የመጣን ልጅ ባዶ እጁን መመለስ የሚከብደው።

ይኸው ተማሪ ደግሞ ቡሄን፣ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ታቦርን፣ የራሱ በዓል አድርጎ ይይዘዋል። በዚያ ተራራ ላይ ለደቀ መዛሙርት ምሥጢር እንደተገለጠላቸው ለእኛም ይገለጥልን ይላሉ ተማሪዎቹ። ከበዓሉ ቀደም ብለው «ስለ ደብረ ታቦር» እያሉ እህሉን፣ ጌሾውን ከሕዝቡ ይሰበስባሉ፤ ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ጋግረው፣ የሰጣቸውን ሕዝብ መልሰው ይጋብዙታል። አያችሁ? ዓመት ሙሉ የለመነ በዚያን ቀን ጋባዥ ሆነ።

ወንዶቹ በቡሄ ሲጠግቡ ሴቶቹስ? ተራቸው ይመጣል። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይጀመራል፤ ልጃገረዶች በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። በጎጃም ደግሞ የጳጉሜን ቀኖች ሲያልቁ እንግጫ ነቀላ አለ። ልጃገረዶች መስክ ወርደው እንግጫውን እየዘፈኑ ይነቅላሉ፣ ይጎነጉናሉ፤ በአዲሱ ዓመት ጠዋት በቤተሰቡ ራስና በቤቱ ምሰሶ ያስሩታል። መስከረም 1 ሲነጋ ባሕር ዳር በአበባዬሆሽ ትሞላለች። አደይ አበባና ለምለም ሣር የያዙ ልጆች ከበር በር ይሄዳሉ። ወንዶቹም አርፈው አይቀመጡም፤ ሲስሉ ያደሩትን ፀሐይ፣ አበባና መልአክ በወረቀት ይዘው «እንቁጣጣሽ» እያሉ ያድላሉ። እዚህም ሕጉ አንድ ነው። መጀመሪያ ልጁ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ይቀበላል። በየሃይማኖቱ ብትሄዱም ደጁ ያው ነው። በኢድ ቀን የሙስሊሙ ሰፈር ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ «ኢድ ሙባረክ» እያሉ ሲዞሩ ጣፋጭና ብር ይቀበላሉ።

ሩቅ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ዙር ገጥሟቸዋል። በአሜሪካና በካናዳ ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ ልጆች የአጋንንትና የጀግና ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው፣ ከቤት ቤት ከረሜላ ይሰበስባሉ። ሃሎዊን ይባላል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁን የሰይጣን ቀንድ አድርጎ መላክ ይከብደዋል፤ ልጁ ደግሞ ከክፍል ጓደኞቹ መለየት ይከብደዋል። ከሥሩ ብናየው ግን ነገሩ ያን ያህል ባዕድ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ድሆችና ልጆች የሙታን መታሰቢያ በሚደረግበት ሰሞን በየደጁ ይዞሩ ነበር። ለቤቱ ሟቾች ነፍስ እንጸልያለን ብለው ትንሽ ጣፋጭ ቂጣ ይቀበሉ ነበር። ተዝካር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በኋላ ጸሎቱ ቀረ፣ ቂጣው በፋብሪካ ከረሜላ ተተካ፣ ልጁም የሚሰጠው ነገር ጭምብሉን ማሳየት ብቻ ሆነ። ግን እዚያም በጎነቱ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1950 በፊላደልፊያ ልጆች በባዶ የወተት ካርቶን ለዩኒሴፍ ሳንቲም መሰብሰብ ጀመሩ፤ ልማዱም በአገሩ ተስፋፋ። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የሦስቱን ነገሥታት ልብስ የለበሱ ልጆች በየደጁ እየዘመሩ በሌላው ዓለም ላሉ ችግረኛ ልጆች ይሰበስባሉ፤ በወጡ ጊዜም በሩ ላይ በጠመኔ ምርቃት ይጽፋሉ። በዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችንም በረመዳን አጋማሽ ሌሊት የኩዌትና የባሕሬን ልጆች በየቤቱ እየዘፈኑ ለውዝና ከረሜላ ሲቀበሉ አይተዋል። ቀርቃዑን ይሉታል።

እንግዲህ በዓለም ዳርቻ ሁሉ የሰው ልጅ ያለ ምክክር አንድ ነገር ላይ ደርሷል፤ በዓመት አንድ ቀን ልጅ የሁሉን ደጅ እንዲያንኳኳ ይፈቀድለት፣ ሁሉም ደጅ ይመልስለት። እኛ ደግሞ ከዚህ ውስጥ ያቆየነው አንዳንዶች የጣሉትን ነው፤ ምርቃቱን። ልጃችን ጭምብል የለውም። ፊቱ ይታያል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚናገረው በራሱ ድምፅ ነው።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ነገር እየሳሳ ነው። ቤቶች ከፍ ባለ ግንብ ታጥረዋል፤ የብረት በር ላይ ጥበቃ ቆሞ «ጌቶች የሉም» ይላል። ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ልጆቹ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሳይደርሱ በሩን ይቆልፋል። ሙልሙል መጋገር ቀርቶ «ብር ስጧቸውና ይሂዱ» ይባላል፤ ሁለት ስንኝ ሳይሰማ ብሩ በበሩ ሥር ይወጣል። ይህ ስጦታ አይደለም። ሳይሰሙት የሰጡት ልጅ ለማኝ ሆኖ ይሄዳል፤ የመረቀው አንድም ሰው የለምና። በልጆቹም በኩል ጢም ያወጡ ጎረምሶች ትንንሾቹን እየገፉ መንገደኛና ባጃጅ እያስቆሙ ብር የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። እሱ ሆያ ሆዬ አይባልም።

ደግሞ ከዚህ የከበደም አይተናል። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሰው ከሰው እንዲርቅ ግድ ብሎ ነበር። በ2015 ሐምሌ 28 ቀን፣ ቡሄ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙም ሳይቆይ በባሕር ዳር የሰዓት እላፊ ገደብ ተጣለ። ከጣና ዳር የሚሰማ «ጧ!» ያን ጊዜ ጅራፍ መሆኑን ማን በእርግጠኝነት ይናገራል? ሆያ ሆዬ ደግሞ የምሽት ነገር ነው። ልጅ ደጅ ለደጅ የሚዞረው እናቱ ሳትፈራ ስታስወጣው ነው፤ በር የሚከፈተውም ያንኳኳውን ሰው ሳይፈሩ ነው። የከተማን ሰላም በሌላ አትለኩት። በነሐሴ 12 ምሽት ልጆቿ ዱላ ይዘው በጨለማ ሲዞሩ ማንም የማይደነግጥ ከሆነ፣ ያች ከተማ ሰላም ናት።

በዚያ ምሽት ከዙሩ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ ልንገራችሁና ልጨርስ። ልጆቹ ዙራቸውን ሲጨርሱ አንድ በረንዳ ላይ፣ አንድ አምፖል ሥር ይሰበሰባሉ። ማዳበሪያው ይዘረገፋል። የሁሉም እናት ሙልሙል አንድ ላይ ይደባለቃል፤ የሀብታሙ ቤት ነጭ ዳቦና የደሀዋ ጠቆር ያለው። ገንዘብ ያዡ ብሩን ይቆጥራል፤ ሌሎቹ አብረውት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ክፍፍሉ ላይ ጭቅጭቅ አይጠፋም። አውራጁ ትንሽ ይጨመርልኝ ይላል፤ ማዳበሪያ የተሸከመውም ትከሻዬን ይላል። በመጨረሻ እኩል ይካፈላሉ፤ ትንሹም ድርሻውን ያገኛል። ትምህርት ቤት ያላስተማራቸውን የሒሳብና የፍርድ ትምህርት በዚያ አምፖል ሥር ይማራሉ። ልጁ ቤቱ ሲገባ የመጀመሪያውን ዳቦ ለእናቱ ይሰጣል፤ እናቱም ትመርቀዋለች።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው። ዘንድሮ ነሐሴ 12 ሲመሽ በጊዜ ቤታችሁ ግቡ። ውሻውን እሰሩ። የደጁን መብራት አብሩ። መጋገር የምትችሉ ሙልሙል ጋግሩ፤ የማትችሉ ግዙና አስቀምጡ። ጥበቃ ያላችሁ «ልጆች ሲመጡ ክፈት» በሉት። ትልልቅ ወንድሞች ትንንሾቹን ይዛችሁ መንገድ አሻግሯቸው። ልጆቹ ሲመጡ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ወንበር አውጥታችሁ ተቀመጡ። እስከ ምርቃቱ ድረስ ስሟቸው፤ ሲመርቁም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «አሜን» በሉ።